«አዲሱ ሊወጣ ነው»

ማታ ከጥናት በኋላ በማደሪያችን ኮሪደር ላይ ሁለት ሦስት ሆነው የቆሙ ሠልጣኞች ካያችሁ ወሬያቸው ወይ ስለ ኳስ ነው፣ ወይ ስለ ፈተና ነው፣ ወይ ደግሞ ስለ ኮምፒዩተር ነው። ኳሱንና ፈተናውን ለሌላ ቀን እንተወውና ዛሬ ስለ ሦስተኛው ላንሣ። የኮምፒዩተር ጌም የሚወዱ ልጆች አንድ የማይለወጥ ቃል አላቸው። «አሁን አትግዛ! አዲሱ ሊወጣ ነው» ይላሉ። አዲሱ ግራፊክስ ካርድ ሊወጣ ነው፤ አዲሱ ማዘርቦርድ ሊወጣ ነው፤ እሱ ከወጣ በኋላ ደግሞ ከእሱ የሚበልጠው ሊወጣ ነው። ታዲያ መቼ ነው የሚገዛው? መቼስ ነው የሚሠራበት? ይህን የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አይታይም።

ይህን ቃል ከሚናገሩት አንዱ፣ እንዲያውም ዋነኛው እኔ ስለ ነበርሁ በሌላ ሰው ላይ ጣቴን አልቀስርም። ነገሩን ከራሴ ልጀምር።

በ2016 ዓ.ም. አራት የማደሪያ ጓደኛሞች በየወሩ ከኪስ ገንዘባችን እየቆነጠርን ዕቁብ ቢጤ ጀምረን ነበር። ዓላማችን አንድ ያገለገለ ኮምፒዩተር በጋራ ገዝተን ቅዳሜና እሑድ ጌም ልንጫወትበት፣ በሥራ ቀን ደግሞ ለማስተማር ልምምድ የሚሆኑ መርጃ መሣሪያዎች ልናዘጋጅበት ነበር። ግንቦት ላይ ገንዘባችን ሞላ። ሻጭም ተገኘ። ሦስቱ ጓደኞቼ «እንግዛ» ሲሉ «ቆይ፣ አትቸኩሉ» ያልሁት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ የኤንቪዲያ ኩባንያ ባለ 50 ተከታታይ ካርዶች በፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ላይ ይወጣሉ የሚል ወሬ ይናፈስ ነበር። ኤኤምዲም ኤክስ 870 የሚባል አዲስ ቺፕሴት ሊያወጣ መሆኑ በዚያው ሰሞን ተነገረ። «አዲሱ ሲወጣ አሮጌው ይረክሳል፤ በዚሁ ገንዘብ የተሻለ እንገዛለን» ብዬ አስረዳኋቸው። የማውቅ ስለ መሰልኋቸው ሰሙኝ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። እርግጥ ነው፣ ነጋዴው ቀድሞም ቢሆን ዶላሩን በባንክ ዋጋ እንደ ልቡ ስለማያገኘው የሱቁ ዋጋ ባንድ ጊዜ እጥፍ አልሆነም። ግን ጨመረ። ታኅሣሥ ላይ ተመልሰን ስንጠይቅ በግንቦት ሙሉ ኮምፒዩተር ይገዛልን የነበረው ገንዘብ ግራፊክስ ካርዱን ትቶ የቀረውን ብቻ የሚገዛ ሆኖ ቆየን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው። ጓደኞቼ አልሰደቡኝም። አለመሳደባቸው ግን ከስድብ ይልቅ ከበደኝ። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝም እሱ ነው።

ነገሩን ለማያዘወትሩ አንባብያን፣ በተለይም ለአንዳንድ መምህሮቻችን፣ የዕቃዎቹን ሥራ ባጭሩ ላስረዳ። ፕሮሰሰሩ አሳቢው ክፍል ነው ብንል ግራፊክስ ካርዱ ሠዓሊው ክፍል ነው። በጌም ውስጥ አንድ ሰው ሲሮጥ የምናየው ካርዱ በሰከንድ 60 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ አዲስ ሥዕል ስለሚሥል ነው። ማዘርቦርድ ሁሉም የሚሰካበት ሰሌዳ ነው። ቺፕሴት ደግሞ በሰሌዳው ላይ ያለች፣ ዲስኩንና ዩኤስቢውን የመሳሰለውን ከፕሮሰሰሩ ጋር የምታገናኝ ቺፕ ናት። ሰሌዳው የትኛውን ፕሮሰሰር እንደሚቀበልና ስንት ዕቃ እንደሚሰካበት በአብዛኛው የሚታወቀው በቺፕሴቱ ስም ነው። እንግዲህ የጌም ተጫዋች ዓይኑን የሚጥለው በእነዚህ በሁለቱ ላይ ነው፤ ሠዓሊው ምን ያህል ፈጣን ነው? ሰሌዳውስ ስንት ዓመት ያገለግለኛል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። አዲስ ዕቃ ሲመጣ መጀመሪያ የሚመጣው ዕቃው ሳይሆን ወሬው ነው። ከወሬው በኋላ ታላቅ የመድረክ ትርኢት ይደረጋል። ዕቃው ከትርኢቱ በኋላ ይደርሳል፤ ሲደርስም ሁልጊዜ እንደ ተባለው ሆኖ አይደለም።

ምሳሌ ልስጥ። (ከዚህ ወዲያ የምጠቅሳቸው የውጭ ዕቃዎች ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በጃንዋሪ 2025 የኤንቪዲያ ዋና ሥራ አስኪያጅ ጀንሰን ህዋንግ በላስ ቬጋስ መድረክ ላይ ቆሞ 549 ዶላር የሚያወጣው አርቲኤክስ 5070 ካርድ የ4090ን ያህል እንደሚሠራ ተናገረ። 4090 ማለት በ2022 ሲወጣ 1599 ዶላር የተቆረጠለት ካርድ ነው። ይኼ እውነት ቢሆን ኖሮ ማን ይጠላ ነበር? ነገር ግን ብልኃቱ ሌላ ነው። አዲሱ ካርድ አንድ ሥዕል በእውነት ከሣለ በኋላ እስከ ሦስት የሚደርሱ ተጨማሪ ሥዕሎችን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ገምቶ ይሞላል። በዚህ ዓይነት በሰከንድ 25 ሥዕል የሣለ ካርድ 100 የሣለ መስሎ ይቆጠርለታል። ለዓይን ይለሰልሳል፤ ይህን አልክድም። ተጫዋቹ ቁልፍ ሲጫን የሚታዘዝለት ግን በ25ቱ ልክ እንጂ በ100ው ልክ አይደለም። በማስታወሻ ረገድም 4090 24 ጊጋባይት ሲኖረው 5070 ያለው 12 ብቻ ነው። አንድ ተማሪ ሃያ አምስት ጥያቄ ሠርቶ ሰባ አምስቱን በግምት ቢሞላ «መቶውን ሠርቷል» ብለን እናርምለታለን? መምህር ለመሆን የምንሠለጥን ሰዎች ይህን ልንለይ ይገባናል።

እኛ አራታችን የጠበቅነው ካርድስ ምን ሆነ? በእኛ አቅም አካባቢ ያለው አርቲኤክስ 5060 የወጣው በሜይ 2025 ነው። ልክ እኔ «ቆይ» ካልሁበት ግንቦት በዓመቱ ማለት ነው። ዋጋው 299 ዶላር፣ ማስታወሻው 8 ጊጋባይት። በ2023 የወጣው ታላቁ 4060ስ? 299 ዶላር፣ 8 ጊጋባይት! በፍጥነት አዲሱ ይበልጣል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ይሁን እንጂ በ2021 በ329 ዶላር የወጣው የሁለቱ አያት 3060 12 ጊጋባይት ነበረው። አዲስ ሁሉ በሁሉም በኩል አይበልጥም ማለት ነው።

ኤክስ 870ስ? እሱ በሴፕቴምበር 2024 ወጣ። ዋናው ቺፕ በ2022 በቢ 650 ሰሌዳ ላይ የነበረው ያው ቺፕ ነው። ትልቁ ልዩነት ዩኤስቢ 4 የሚባለው ፈጣን መሰኪያ ግዴታ መደረጉ ነው። እኛ በዩኤስቢ የምንሰካው ፍላሽና አይጥ (ማውስ ለማለት ነው) ሆኖ ሳለ ይህን ስንጠብቅ ወራት አለፉ! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

እዚህ ላይ አንባቢ «እንግዲያው አዲስ ነገር እንደ ወጣ ሮጦ መግዛት ይሻላል ልትል ነው?» ብሎ ሊጠይቀኝ ይችላል። አይደለም። ያኛውም መንገድ እሾህ አለው። በጃንዋሪ 2011 ኢንቴል ሳንዲ ብሪጅ ለሚባሉት ፕሮሰሰሮቹ አዲስ ቺፕሴት አወጣ። ገበያ ላይ በዋለ በሦስት ሳምንት ገደማ ዲስክ የሚሰካባቸው አንዳንድ መስመሮች ከጊዜ ብዛት እየደከሙ የሚሄዱበት ስሕተት ተገኘና ሽያጩ ቆመ። ለጥገናና ለመተካት ብቻ 700 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያወጣ ኩባንያው ራሱ ገመተ። ፈጥነው የገዙት ሰዎች ሰሌዳቸውን ነቅለው መመለስ ነበረባቸው። በ2018 ደግሞ ኤንቪዲያ ባለ 20 ተከታታይ ካርዶቹን «ብርሃንን እንደ እውነተኛው ብርሃን ይሥላሉ» ብሎ በውድ ዋጋ ሲያወጣ፣ በወጡበት ቀን ያንን ችሎታ የሚጠቀም አንድም ጌም ገበያ ላይ አልነበረም። ገዢዎቹ ሳምንታት ጠበቁ፤ ገዝተውም ጠበቁ እኮ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ነገሩ መቸኮል ወይም መታገሥ አይደለም። ሁለቱም ጠባይ እንጂ ሐሳብ አይደሉም። ጥያቄው «ምን ጎደለኝ? የጎደለኝንስ የሚሞላው ምንድን ነው?» የሚለው ነው።

በእርግጥ መጠበቅ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ። በ2020 መጨረሻ ባለ 30 ተከታታይ ካርዶች ሲወጡ 699 ዶላር የተባለው 3080 ወዲያው አለቀና አየር በአየር ነጋዴዎች በእጥፍ ሸጡት። በወረርሽኙ ጊዜ የቺፕ እጥረት ነበር። በዚያ ላይ ኢተሪየም የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ የሚያመርቱ ሰዎች ካርዶቹን በጅምላ ይገዙ ነበር። በሴፕቴምበር 2022 ኢተሪየም አሠራሩን ለውጦ ካርድ የማያስፈልገው ሲሆን ያገለገሉ ካርዶች ገበያውን አጥለቀለቁትና ዋጋ ወረደ። ያን ጊዜ የታገሠ ሰው ተጠቀመ። ነገር ግን ልብ በሉ፤ የጠቀመው አዲስ ካርድ መውጣቱ ሳይሆን ዋጋውን ያሰቀለው ምክንያት መወገዱ ነው። በተቃራኒው በ2025 መጨረሻ ገደማ ታላላቅ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከሎች የማስታወሻ ቺፕ እየገዙ ሲጨርሱት የራም ዋጋ በወራት ውስጥ አሻቀበ። «ራም ሁልጊዜ ይረክሳል» ብሎ የቆየ ሰው እጁን ነከሰ። ምክንያቱን ሳያውቅ የሚጠብቅ ሰው ዕጣ እንደሚጥል ሰው ነው።

ከሁሉ ይልቅ ጆሮ ልንሰጠው የሚገባው ወሬ ግን የማዘርቦርዱ ይመስለኛል። ካርድ ነቅሎ ካርድ መሰካት ቀላል ነው፤ ሰሌዳ ሲለወጥ ግን ብዙ ጊዜ ፕሮሰሰሩም ራሙም አብረው ይለወጣሉ። የኢንቴል ዜድ 270 ሰሌዳ በጃንዋሪ 2017 ወጣ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ዜድ 370 ተከተለ። ሁለቱም መሰኪያቸው ባለ 1151 እግር ነው፤ ለዓይን አንድ ናቸው። ሆኖም አዲሶቹ ፕሮሰሰሮች በአሮጌው ሰሌዳ ላይ አይሠሩም ተባለ። ለኃይል ማስተላለፊያ የተመደቡት እግሮች ተለውጠዋል የሚል ምክንያት ተሰጠ። ሰሌዳውን የገዛ ሰው በዘጠኝ ወሩ «ያረጀ ያፈጀ» ሆነ።

የኤኤምዲ ታሪክ ሌላ ነው። በ2017 የመጀመሪያዎቹን ራይዘን ፕሮሰሰሮች የተቀበለው ኤኤም 4 የተባለው መሰኪያ በ2022 የወጣውን ዝነኛውን 5800 ኤክስ 3ዲ ሳይቀር ተቀበለ። አምስት ዓመት ሙሉ ማለት ነው። ይህም በኩባንያው ቸርነት ብቻ የመጣ አይደለም። በሜይ 2020 ኤኤምዲ «ቀጣዮቹ ፕሮሰሰሮች በባለ 400 ቺፕሴት ሰሌዳዎች ላይ አይሠሩም» ብሎ ነበር። ገዢዎች ጮኹ፤ ጻፉ፤ ተከራከሩ። በዚያው ወር ኩባንያው ሐሳቡን ቀየረ። ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ ሰሌዳ ስንገዛ የምንጠይቀው «ስንት ቁጥር ነው?» ብለን ሳይሆን «ነገስ ምን ይቀበላል?» ብለን መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ገዢ ዝም ብሎ የሚጠብቅ ፍጡር አይደለም፤ አንድ ላይ ሲናገር ይሰማል።

በእኛ አገር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የውጭ አገር ጸሐፊዎች «ጠብቁ» ሲሉ የሚያሰሉት በዶላር ነው። እነሱ ዘንድ ገንዘቡ ስድስት ወር ባንክ ቢቀመጥ ያው ገንዘብ ነው። እኛ ዘንድ ግን ዕቃው በዶላር ይገዛል፣ ቁጠባው በብር ይቀመጣል። በዶላር 20 ዶላር እረከሰልኝ ብሎ የሚጠብቅ ሰው በብር ብዙ ሺህ ሊከስር ይችላል። የእነሱን ምክር እንዳለ ተርጉሞ መውሰድ ማለት የሌላውን ሰው ጫማ ሳይለኩ መግዛት ነው። እኔ የሠራሁት ስሕተት ይኼው ነበር። የካርዱን ፍጥነት በቁጥር አውቄ የራሳችንን ብር አላወቅሁም።

መምህሮቻችን መካከል «ጌም ራሱ ጊዜ ማባከኛ ነው፤ ስለ ካርዱ ምን ያከራክራል?» የሚሉ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ፈተና ጥሎ ሌሊቱን ሲጫወት የሚያድር ሰው ካለ እኔም አልደግፈውም። ቢሆንም ነገሩን ከዚህ አሻግረን እንየው። ነገ ተመርቀን በየትምህርት ቤቱ ስንመደብ ርእሰ መምህሩ «አንተ ኮምፒዩተር ታውቃለህ አሉ፤ ለተማሪዎቹ መግዣ ጥቂት ገንዘብ ተገኝቷል፤ ምን እንግዛ?» ብለው የሚጠሩት እኛን ነው። ያን ጊዜ «ትንሽ ይቆዩ፣ አዲሱ ሊወጣ ነው» ብንላቸውስ? ገንዘቡ ይሟሟል። የበጀት ዓመቱ ያልቃል። የዘንድሮዎቹ የስምንተኛ ክፍል ልጆች ኮምፒዩተር ሳይነኩ ይሄዳሉ። እኔ በሦስት ጓደኞቼ ላይ ያደረስሁትን በሁለት መቶ ሕፃናት ላይ አደረስን ማለት ነው። በሌላ በኩል ነጋዴው ያሳየንን አብረቅራቂ ዕቃ ሁሉ «አዲስ ነው» ብለን ብናስገዛም ያው ጥፋት ነው።

ስለዚህ ከደረሰብኝ የተማርሁትን በሦስት ጥያቄ ላስቀምጥ።

አንደኛ፦ ዛሬ በያዝሁት ዕቃ ልሠራው ፈልጌ ያልቻልሁት ነገር ምንድን ነው? ስሙን ጠርቼ መናገር ካልቻልሁ የጎደለኝ ዕቃ አይደለም፤ ያማረኝ ወሬ ነው።

ሁለተኛ፦ የምጠብቀው ነገር ቀኑና ዋጋው በይፋ ተነግሯል? ከተነገረና ጥቂት ሳምንት ከቀረው መጠበቅ ብልኅነት ነው፤ ሌሎች ሰዎች ለክተው እስኪመሰክሩም ትንሽ መቆየት ይገባል። ካልተነገረ ግን የምጠብቀው ዕቃ ሳይሆን ተስፋ ነው።

ሦስተኛ፦ ሲወጣስ ልገዛው እችላለሁ? «እሱን ባልገዛ አሮጌው ይረክስልኛል» የሚለው ሁልጊዜ አይሠራም። ፋብሪካው አዲሱን ከማውጣቱ በፊት የአሮጌውን ምርት ስለሚቀንስ አሮጌው ሳይረክስ የሚያልቅበት ጊዜ ብዙ ነው።

የእኛስ ነገር እንዴት ሆነ? ሦስት ወር ተጨማሪ ቆጥበን መጋቢት ላይ ገዛን። ሰሌዳው ያ ኤኤም 4 ነው፤ ካርዱ በ2017 የወጣ አርኤክስ 580 ነው። በጌም ዓለም ሽማግሌ ነው። ሆኖም ኳሱን ያጫውተናል፤ የመኪናውን ውድድር ያጫውተናል፤ ባለፈው የማስተማር ልምምድ ላይ አንዱ ጓደኛችን የደም ዝውውርን በተንቀሳቃሽ ሥዕል ያሳየው በእሱ አዘጋጅቶ ነው። ተማሪዎቹ ካርዱ ስንት ቁጥር እንደ ሆነ አልጠየቁም። ልቡ ሲመታ ነው ያዩት።

ይህን በምጽፍበት ሰሞን እንኳ አንዱ ልጅ ኮሪደር ላይ አስቁሞኝ «ሰማህ? አዲሱ ሊወጣ ነው!» አለኝ። «ይውጣ» አልሁት። «አንተ ግን ምን ጎድሎህ ነው?» ዝም ብሎ አሰበና «ራም መሰለኝ» አለ። ጎሽ! ጀመርን ማለት ነው። እናንተስ ምን ጎደላችሁ? ተቃራኒ አስተያየት ያለው ካለ ብዕሩን ያንሣ፤ ግድግዳው ሰፊ ነው።